ከ«ቆርቆሮ» እስከ «ደረጃ»

ልብስ ሰፊዋ እንደምትለው ከሆነ «የብረት በር» የተባለው ዘፈን ሲጀመር የሱሪውን አንድ እግር ከስፌት መኪናዋ ስር ትከታለች፤ ዘፈኑ ሲያልቅ የሁለቱም እግር ጫፍ ተሰፍቶ ክሩ ተበጥሷል። የዘፈኑ ርዝመት ሁለት የሱሪ ጫፍ ነው፤ አይበልጥም፣ አያንስም። ዘፋኙም የመጨረሻው ስንኝ ላይ ሲደርስ ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለ እንደሚወጣ ልጅ ሽቅብ ይወነጨፋል። በአዲሱ አልበም ላይ ግን ያው ሰው፣ በዚያው ጉሮሮ፣ ጆንያ እንደተሸከመ ሰው እያረፈ ነው የሚወጣው። ከተማ ገባ፣ በላ፣ ጠጣ፣ ድምፁ ወረደ። አለቀ።

መምህሩ እንደሚለው ከሆነ ደግሞ «የብረት በር» የእርምጃ እንጂ የሩጫ ዘፈን አይደለም። ተማሪ ሳለ ከማደሪያው እስከ መማሪያ ክፍሉ ሲሄድ በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማው ያንን ዘፈን ነበር፤ እግሩ ከከበሮው ጋር ልክ ለልክ ይገጥማል፣ አንድም ቀን አስሩጦት አያውቅም። የዘፋኙ ድምፅም ያኔም ዛሬም ያው ነው። እንዲያውም በአዲሱ አልበም ላይ ትንፋሹ ረዝሟል፤ ያኔ መሀል ላይ ቆርጦ ሁለት ጊዜ ተንፍሶ የሚያልፈውን ዓይነት ስንኝ ዛሬ በአንድ ትንፋሽ ይጨርሰዋል።

ሁለቱም ለመዋሸት የሚሆን ምክንያት አልነበራቸውም። ክርክሩ «ደረጃ» የተሰኘው አዲሱ አልበም ከወጣ ጀምሮ ስድስት ሳምንት ያለ ዕረፍት ቀጥሏል። የሚዳኘው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ሰው ነበር፤ ከልብስ ሰፊዋ ሱቅ በስስ ኮምፔንሳቶ ብቻ የሚለየው ሬዲዮና ቴፕ ሠሪ።

ይህን ሰው ሰፈሩ «ጆሮ» ይለዋል። ስሙ በከንቱ የወጣለት አይደለም። የተበላሸ ቴፕ ይዞ የመጣ ደንበኛ ገና አፉን ሳይከፍት ጆሮ ዕቃውን ተቀብሎ ያበራዋል፣ አንገቱን ያዘነብላል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ከዚያ «ሞተሩ ደህና ነው፣ ጭንቅላቱ ነው የቆሸሸው» ይላል። ካቻቢቴ ሳያነሳ የተናገረው፣ ካቻቢቴ ካነሳ በኋላ ሐሰት ሆኖ አያውቅም። ቅጽል ስሙ ውሎ አድሮ እናቱ ያወጣችለትን ስም ዋጠው፤ ሚስቱ እንኳ በዋናው ስሙ የምትጠራው ስትቆጣ ብቻ ነው።

ባንዱ «ሽቦ» ይባላል፤ አራቱም የሰፈሩ ልጆች ናቸው። የመጀመሪያ አልበማቸውን ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የቀዱት ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ባለ የአናጢ መጋዘን ውስጥ ነው። ጣራው ቆርቆሮ ስለነበር አልበሙም «ቆርቆሮ» ተባለ። በሦስተኛው ዘፈን ላይ የሚሰማው ዝናብ እውነተኛ ዝናብ ነው። በ«የብረት በር» መግቢያ ላይ ደግሞ፣ ከበሮው ሊገባ ሲል፣ የትምህርት ቤቱ ደወል ይደወላል። ደወሉ ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው፤ ዘበኛው ተማሪ ለማስወጣት ሲመታው ድምፁ ቀረጻው ውስጥ ገባ፣ ልጆቹም አማራቸውና ተዉት። ሌላ ቦታ ያለ አድማጭ ምን ዓይነት መሣሪያ ይሆን ብሎ ያስባል። የሰፈሩ ሰው ግን ያውቀዋል፤ በአውቶቡስ ሩቅ አገር ሲሄድ ያንን ቸርኬ በሬዲዮ ከሰማ አጠገቡ ያለውን መንገደኛ ቀስቅሶ «የእኛ ነው» ይላል።

ያ አልበም ወደ ሰፈሩ የደረሰው በአንድ ካሴት ብቻ ነው። አልበሙን የቀረጸላቸው ሰው ዕቃውን ጠቅልሎ ሌላ ከተማ ስለሄደ ያሳተማቸው ካሴቶች ሁሉ እዚያው ተሸጠው አለቁ። ልጆቹ ይዘው የመጡትን ካሴት ጆሮ ተቀበለ፤ አንዱ ማጫወቻ እያጫወተ፣ ሌላው እየቀዳ ቅጂ አወጣለት፤ በቅጂው ላይም «እናት» ብሎ ጻፈበት። ዋናው ካሴት በሳምንቱ አንድ አሮጌ ማጫወቻ ውስጥ ተጠምጥሞ ተቆራረጠ። እናት ግን ተረፈች፤ የሰፈሩ ካሴት ሁሉ የተቀዳው ከእሷ ነው። ጆሮ ይህን ሲያወራ ደረቱ ይነፋል። ከሥራ ጠረጴዛው በላይ ምስማር ላይ አንዲት ጥቁር የላስቲክ ቀለበት ተንጠልጥላለች፤ የቀጂው ማጫወቻ ቺንጋ፣ ሞተሩ ሪባኑን የሚያዞርበት ቀበቶ፣ በተበጠሰበትና ምትክ በጠፋበት በዚያ ሳምንት ከብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ በመቀስ ቆርጦ የሠራት ናት። ኋላ የፋብሪካ ቺንጋ ሲያገኝ ቀየራት እንጂ አልጣላትም። ለማያውቅ ደንበኛ በጣቱ እያሳየ፣ «ይቺ ባትኖር ቆርቆሮ የሚባል ነገር በዚህ ሰፈር አይኖርም ነበር» ይል ነበር።

ከስድስት ዓመት በፊት ሁለተኛው አልበም «አስፋልት» ሲወጣ በፋብሪካ ታሽጎ በየሱቁ ደረሰ። ሰፈሩ ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ፤ ልጆቹ ከብደዋል ተባለ። ጆሮም አዳምጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ፈረደ፦ ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ደረጃ» ሲወጣ ፍርዱን ደገመው፤ በቀይ እስክሪብቶ «ለቆርቆሮ ሁለተኛ የለውም» ብሎ ጽፎ በሩ ላይ ለጠፈ። ጆሮ ካለ ማን ይከራከራል? ዘንድሮ ለማስተማር ተመድቦ የመጣው መምህር ብቻ ነበር የሚከራከረው። እሱ «ቆርቆሮ»ን የገዛው ተማሪ በነበረበት ከተማ፣ አልበሙን ከቀረጸው ሰው ከራሱ እጅ ነው። ካሴቱ ግን በወላጆቹ ቤት ሳጥን ውስጥ ስለነበር አፉን እንጂ ማስረጃውን ይዞ አልመጣም። ልብስ ሰፊዋም ይህን አልለቀቀችለትም። የሌለ ካሴት ጠበቃ እያለች ታበሽቀው ነበር።

የእሷ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። ዘፋኙ ታናሽ ወንድሟ ነው። እናታቸው ስትሞት ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ያሳደገችው እሷ ናት፣ መጀመሪያ መድረክ ላይ የለበሰውን ሸሚዝ ከመጋረጃ ትራፊ የሰፋችለት እሷ ናት። «ቆርቆሮ» ሲወጣ በኩራት የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት፤ ለልኬት የመጣ ሁሉ ሜትሩ ወገቡ ላይ እንዳለ አንድ ዘፈን ሳያዳምጥ አይወጣም። ከዚያ ወዲህ ያወጣውን ሁሉ በዚያ ትለካዋለች። በስልክ በደወለ ቁጥርም ሳትነግረው አትቀርም፤ እኔ እህቱ ካልነገርኩት ማን ይነግረዋል ባይ ናት። ራሱን እንዲያስታውስ ብላም ባለፈው ዓመት የ«ቆርቆሮ»ን ቅጂ ላከችለት፤ የራሱ ድሮ ጠፍቶበት ነበርና።

በዚያ ሳምንት፣ እሑድ ከሰዓት፣ «ሽቦ» በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሊጫወት ነበር፤ በሰፈሩ ሲጫወት ከአምስት ዓመት ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ሐሙስ ዕለት ልብስ ሰፊዋ ጆሮ ሱቅ ገብታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። የጣት ቆቧን እንኳ አላወለቀችም። ለወትሮው ክርክሩን ገና ከበር ላይ የምትጀምረው ሴትዮ ዛሬ ሳታነሳው ስትቀር ጆሮ መበየጃውን ነቅሎ አስቀመጠው።

ወንድሟ ደውሎ ነበር። እሑድ ይመጣል፣ የድሮዎቹን ዘፈኖች ግን ጊታሪስቱ ነው የሚዘፍናቸው። የላከችለትን ካሴት እየከፈተ ዓመት ሙሉ አብሮ ለመዝፈን ሞክሯል፤ አልደረሰበትም። ጊታሩም ከካሴቱ ጋር አልገጥም ቢላቸው፣ ያኔ የተዋስነውን ጊታር ከፍ አድርገን ቃኝተነው ነበር ማለት ነው ብለው አለፉት። ጉሮሮው ግን እንደ ጊታር አይቃኝም። እንዲህ ነበር ያላት፦ እትዬ፣ እውነትሽን ነው፣ ድምፄ ሄዷል፤ የሰፈሬን ሰው በውራጅ ድምፅ አላታልልም፤ ከእሑድ በኋላ መዝፈኑን እተወዋለሁ።

«ጋሼ ጆሮ» አለች፣ «እውነት ሄዷል? ልታስደስተኝ ብለህ ሳይሆን፣ እንደ ወንድም ንገረኝ።»

ስድስት ዓመት ሙሉ ሄዷል ሲል የኖረው ሰው እጁን በጨርቅ ጠረገ። እሱ አፉን ሳይከፍት መምህሩ ከተፍ አለ፤ በእጁ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። እናቱ በመንገደኛ የላኩለት ካሴት ነው። የሁለቱን ፊት ሲያይ ድል አድራጊነቱ ከፊቱ ላይ ጠፋ፤ ምን እንደተፈጠረ ጠየቀ፣ ተነገረው፤ ቀስ ብሎ ካሴቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

ጆሮ አጫወተው። ሦስቱም ሰሙ። የሚያውቁት ዘፈን ነው፣ ግን የሚራመድ ሆኗል። ዘፋኙ የልጅ ድምፁ ቀርቶ የጎረምሳ ድምፅ አውጥቷል። መምህሩ የእጅ ሰዓቱን ይዞ ቆጠረ፤ አራት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሴኮንድ። ቀጥሎ እናትን አስገቡ፤ ሦስት ደቂቃ ከሃምሳ ሰባት።

«ይኸው» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ከሐዘኗ መሀል እንኳ ክርክሩ አልለቀቃትም። «ያንተ ካሴት ሳጥን ውስጥ ተኝቶ እንቅልፍ ለምዷል።»

ጆሮም ይህንኑ ሊፈርድ ነበር። የአሮጌ ካሴት ሪባን ይለጠጣል፣ የተለጠጠ ሪባን ይንቀራፈፋል፤ ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሷል። ያን ጊዜ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆነና የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ቸርኬውን መታው። ድምፁ በተከፈተው በር ገብቶ ሱቁን ሞላው።

ጆሮ እጁን አነሳ። የመምህሩን ካሴት ወደ መጀመሪያው መልሶ አጫወተው። ደወሉ አሁን በበር የገባው ደወል ነው፤ ያው ራሱ። እናትን አጫወታት። በእናት ላይ ያለው ደወል ቀጭን ነው፤ የአነስተኛ መኪና፣ የሌላ ትምህርት ቤት ቸርኬ ይመስላል። ደገመው። ሦስተኛ ጊዜ አልደገመውም፤ እሱ ለመስማት ሁለት ጊዜ ይበቃዋል። አሥራ አንድ ዓመት በቀን አራት ጊዜ ይህ ቸርኬ ሲደወል ሰምቷል፤ እናትንም ከዚያ በላይ ሰምቷታል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ግን አንድም ቀን አልሰማቸውም።

እስከ እሑድ ተዉኝ ብሎ ሁለቱንም ሸኛቸው።

ብቻውን ሲቀር ቀና ብሎ ምስማሩን አየ። የላስቲክ ቀለበቷን አውርዶ በጣቱ ዘረጋት፤ ላላ ያለች ናት፤ ያኔም ላላ ያለች ነበረች። ቀጂውን ማጫወቻ ከፍቶ የፋብሪካውን ቺንጋ አወጣና እሷን በቦታዋ መለሳት፤ የመምህሩን ካሴት ቀዳበት። ላስቲኳ ሞተሩ ላይ እየተንሸራተተች ሪባኑን በቀስታ ጎተተችው። በቀስታ የተቀዳ ካሴት ደግሞ ጤነኛ ማጫወቻ ውስጥ ሲገባ ይሮጣል፤ ሲሮጥም ድምፁ ይቀጥናል። ቆጠረ። ሦስት ደቂቃ ከሃምሳ ሰባት። ሴኮንድ እንኳ ዝንፍ አላለም።

ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። የኮራባት ነገር ናት ጉድ የሠራችው።

ዓርብ ዕለት ሱቁን ከፍቶ ሥራ አልሠራም። አማራጮቹን ገለበጣቸው። የመምህሩ ካሴት ተለጥጧል ቢል ሰፈሩ ያምነዋል፤ መምህሩ እንኳ ሳይወድ በግዱ ያምነዋል። ወይም ዘፋኙን ለብቻው ጠርቶ በሹክሹክታ ቢነግረው፣ የእሱም ስም፣ የልጁም ድምፅ ሊተርፍ ይችላል። ነገር ግን ልጁን ድምፁ ሄዷል ብሎ በአደባባይ የፈረደበት እሱ ነው። ሰፈሩ እሑድ ሲሰማው «ወረደ» እያለ ነው የሚሰማው፤ እህቱም እንደዚያው። በጓዳ የተነገረ እውነት ከአደባባይ ፍርድ አያድነውም።

ሲቸግረው «ደረጃ»ን ከፈተ፤ ስድስት ሳምንት ከቆርቆሮ ጋር እያወዳደረ ከሰማው በኋላ አሁን ብቻውን ሰማው። ልጁ አልወረደም። በ«ቆርቆሮ» ላይ ጥርሱን ነክሶ የሚወጣውን ሽቅብ እዚህ ሳይነክስ ይወጣዋል። አራተኛው ዘፈን ላይ አንዲት ቃል ይዞ፣ ከበሮውም ጊታሩም ዝም ብለው ጠብቀውት፣ እስኪበቃው አቆይቶ በቀስታ ያስቀምጣታል። ጆሮ ያቺን ቃል አምስት ጊዜ መለሳት። የዚህ ሰፈር ልጅ ነው እንዲህ የሚዘፍነው ብሎ አሰበ፤ በዚያች ሰዓት ምን እንደሚያደርግ ታወቀው። ተነስቶ ከበሩ ላይ ወረቀቱን ላጠው።

እሑድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። አግዳሚ ያላገኘው መስኮት ላይ ተቀምጧል። ልብስ ሰፊዋ ከፊት ናት፤ ለወንድሟ አዲስ ሸሚዝ ሰፍታ በወረቀት ጠቅልላ ጭኗ ላይ ይዛለች፤ ይልበሰው አይልበሰው አታውቅም። ዘፋኙ ከመድረኩ ጠርዝ ላይ እግሩን አንጠልጥሎ ተቀምጧል፤ ማይክሮፎኑ ከጊታሪስቱ ፊት ነው የተተከለው። ጆሮ ማጫወቻውን ተሸክሞ ወደ መድረኩ ሲወጣ ሰው አንድ ነገር ተበላሽቶ ሊጠግን የመጣ መሰለው፤ ከኋላ የተቀመጡት መካኒኩ መጣ እያሉ አጨበጨቡ።

እናትን አስገብቶ ደወሉ ላይ አቆመ። ሁሉም ያውቀዋል፤ ከየአቅጣጫው ተፏጨ። ቀጥሎ በመስኮቱ ወደ ውጭ ምልክት ሰጠ። ጠዋት ከእሱ ጋር የተስማማው ዘበኛ ቸርኬውን መታው። መስኮት ላይ የተቀመጡት ወደ ውጭ ዞሩ። ዘበኛው እንደገና መታው፤ ጆሮ የመምህሩን ካሴት ከፈተ፤ ሁለቱ ደወሎች ገጠሙ።

«ቸርኬው ከተማ አልገባም» አለ ጆሮ። «አልበላም፣ አልጠጣም። እዚሁ ዛፍ ላይ ነው ያለው። እናት ላይ ግን ድምፁ ቀጭን ነው። ቸርኬው አልወረደም፤ እኔ ነኝ ከፍ ያደረግኩት። ልጁም እንደዚያው።»

ከዚያ ቀለበቷን ከኪሱ አውጥቶ ስለ ላስቲኩ፣ ስለ ቀጂው ማጫወቻ፣ ስለ አሥራ አምስቱ ሴኮንድ አንድ በአንድ ነገራቸው። ዘፋኙ ራሱ ያልዘፈነውን ድምፅ እያሳደደ ዓመት ሙሉ እንደደከመ፣ ማንም ሰው በዚያ የድምፅ ቁመት ዘፍኖ እንደማያውቅ፣ የዘፈነችው ላስቲኳ እንደሆነች ነገራቸው። ጆሮ የሚለውን ስም ሊነጥቁት የፈለጉ መንጠቅ እንደሚችሉም ጨመረበት።

መጀመሪያ የሳቀው ዘበኛው ነው፣ በመስኮት። ከዚያ አዳራሹ ሁሉ ተከተለ። ጆሮ ሳቁን ቆሞ ተቀበለው፤ ፊቱ ቢቀላም አንገቱን አላቀረቀረም። ሳቁ ሲበርድ ልብስ ሰፊዋ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«እንግዲህ ስድስት ዓመት ወንድሜን የሰደብኩት በብስክሌት ጎማ ነው?»

«በጎማ ቁራጭ» አለ ጆሮ።

«ሱሪዬስ? በሦስት ደቂቃ ከሃምሳ ሰባት ሁለት ጫፍ የምጨርሰው?»

«በእሱ ነው እንግዲህ የምትመርቂኝ» አለ። «በዚህ ሁሉ አካባቢ ካንቺ የሚፈጥን ሰፊ የለም። ማን አስሮጠሽ?»

ራሷን ነቀነቀች፤ ልትቆጣ ፈልጋ ሳቅ ቀደማት። ዓይኗ ግን ወንድሟ ላይ ነበር። መድረኩ ድረስ ሄዳ የተጠቀለለውን ሸሚዝ እግሩ ላይ አኖረችው፤ ይቅርታ የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ እንደማያውቅ ሁሉም ያውቃል፣ ዛሬም አልወጣም። የሸሚዙን አንገትጌ አቃናችና፣ «ያንተው ነው፤ ልክህን አልረሳሁም» አለችው።

ቀለበቷ ከእጅ ወደ እጅ ትዞር ጀመር። አንዱ ዘረጋት፣ ሌላው አሸተታት፤ መምህሩ ከሁሉም ረዘም ላለ ጊዜ ያዛትና ያለ ምንም የድል ቃል ለጎረቤቱ አሳለፋት። ለጆሮም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እርስዎ ባይሰሙት እኔ ዕድሜ ልኬን ብከራከር አልረታም ነበር አለው። ከአንዱ ጥግ የተነሳ ሰው፣ ጆሮ የሚለው ስም ሊነሳ ነው ወይ ብሎ ቢጠይቅ፣ ዘበኛው በመስኮት መለሰለት፤ ቸርኬውን የሰማ ጆሮ ስሙ ይጸናለታል እንጂ አይነሳም። አዳራሹ አጨበጨበ፤ ያ ጭብጨባ ከመካኒኩ ጭብጨባ ሌላ ነበር። ጆሮ ለካቻቢቴ የሚዘረጋ ይመስል እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ፤ የሚያወጣው ነገር ግን አልነበረም።

ቀለበቷ መጨረሻ ላይ ዘፋኙ ዘንድ ደረሰች። እያገላበጠ አያት፤ ዓመት ሙሉ በየማለዳው ያሸነፈችው ይቺ ናት። የእጁ አንጓ ላይ አጠለቃት። አዲሱን ሸሚዝ ከላይ ደረበው፤ ልክ ሆነለት። ተነሳና ወደ ጊታሪስቱ ሄደ፤ ጊታሪስቱም ሳይጠየቅ ከማይክሮፎኑ ፊት ገለል አለ።

ከፊት ያሉት ወዲያው መጨቃጨቅ ጀመሩ። ከፊሉ እውነተኛውን ይዝፈን አለ፣ በአራት ከአሥራ ሁለቱ። ከፊሉ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት የለመድነውን ማን ሊቀማን ነው አለ። ልብስ ሰፊዋም ለመጀመሪያ ጊዜ ከየትኛው ወገን እንደሆነች አላወቀችም፤ መምህሩም እንዲሁ። ዘፋኙ ጭቅጭቁ እስኪበርድ ጠበቀ፤ አዲሱ አልበም ላይ ያቺን ቃል እንዳቆያት ሁሉ ሳይቸኩል ነው የጠበቀው። ከዚያ ወደ ከበሮ መቺው ዞሮ ቀለበቷ ያለችበትን አንጓውን ከፍ አደረገለት፤ ማይክሮፎኑንም ወደ ራሱ ሳበ።

«ድምፁ የእኔ ይሁን» አለ፣ «በተፈጠርኩበት ቁመት። ፍጥነቱ ግን የእናንተ ነው፤ ሦስት ከሃምሳ ሰባት። የብረት በርን ዛሬም፣ ከዛሬ በኋላም፣ እኔው ራሴ እዘፍነዋለሁ።»